በፖሊስ ሄሊኮፕተር ውስጥ የትኛው ወንበር የእርስዎ ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 23 ነው፤ የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። ባለፈው ዓመት በኤሌክትሪካል ምሕንድስና ተመርቄ እስካሁን ቋሚ ሥራ አላገኘሁም። አሜሪካ የሚኖረው አጎቴ በዚያ አገር በሄሊኮፕተርና በአውሮፕላን ሆነው ወንጀለኛ የሚከታተሉ የአየር ሕግ አስከባሪ ኤጀንቶች እንዳሉ ከነገረኝ ጊዜ ጀምሮ ሌላ ነገር ማሰብ አቅቶኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ አውሮፕላን እወዳለሁ፤ ፖሊስ ስለመሆን ግን አስቤ አላውቅም። ለዚህ ሥራ የግድ አብራሪ መሆን አለብኝ? ኢትዮጵያዊት ሆኜ ማመልከት እችላለሁ? ካልቻልኩስ እዚሁ ሆኜ በምን በኩል ልጀምር? እናቴ «ሁለት አደገኛ ሥራ በአንድ ላይ መረጥሽ» ትለኛለች።
ሰ.፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ሁለተኛውን ጥያቄዎን አስቀድሜ ልመልስ፤ መልሱ ቁርጥ ያለ ስለሆነ የቀረውን እሱን ይዘው እንዲያነቡት እፈልጋለሁ። አጎትዎ የነገሩዎት መሥሪያ ቤት በአሜሪካ የጉምሩክና የድንበር ጥበቃ ሥር ያለው የአየርና የባሕር ኦፕሬሽን ክፍል ነው፤ እዚያ ለመቀጠር የአሜሪካ ዜግነት ግዴታ ነው። ዲቪ ደርሶዎት ነገ ቢሄዱ እንኳ በእጅዎ የሚገባው የመኖሪያ ፈቃድ ነው፤ ዜግነት ለመጠየቅ ደግሞ በአብዛኛው አምስት ዓመት መኖር ያስፈልጋል። ከዚያም በኋላ ያለፈ ሕይወትዎ ከሥር መሠረቱ ይጣራል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ ሕግ መሠረት የዚህ መሥሪያ ቤት የሕግ አስከባሪነት አመልካቾች በውሸት መመርመሪያ መሣሪያ ይፈተናሉ፤ ያለፉት ጆርጂያ ግዛት ግሊንኮ ወደሚገኘው የፌዴራል ሕግ አስከባሪዎች ማሠልጠኛ ይላካሉ። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ሆነው ቅጽ በመሙላት የሚገኝ ሥራ አይደለም። ይህን በግልጽ የምጽፍልዎት ተስፋዎን ለማጨለም ብዬ አይደለም። ይህን ሳያውቁ ሁለት ሦስት ዓመት ኢሜይል ሲጠባበቁ የቆዩ ወጣቶች ደብዳቤ ከአሁን በፊትም ወደዚህ ዓምድ ደርሶናል።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄዎ ስመለስ፣ አብራሪ መሆን የግድ አይደለም፤ ይህን በደንብ መረዳት የሙያ ምርጫዎን ሊለውጠው ይችላል። በዚያው በአሜሪካው ክፍል ውስጥ በአየር ላይ የሚሠሩት ኤጀንቶች ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ አብራሪዎች ሲሆኑ፣ የንግድ አብራሪነት ፈቃድና ከዚያ ጋር በደመናና በጨለማ በመሣሪያ ብቻ ተመርቶ የመብረር ማረጋገጫ ይዘው ነው የሚቀጠሩት። ሁለተኛዎቹ አያበርሩም። ካሜራውንና ራዳሩን ይዘው የሚፈለገውን ተሽከርካሪ ወይም ጀልባ ያገኛሉ፣ ይከተላሉ፣ ምድር ላይ ላለው ባልደረባቸው በሬዲዮ ይመራሉ፤ ሄሊኮፕተሩ ሲያርፍም ወርደው ሰው የሚይዙት እነሱ ናቸው። ሁለቱም ግን መለያና መሣሪያ የያዙ ሕግ አስከባሪዎች ናቸው። በእንግሊዝ አሠራሩ ሌላ ነው፤ የፖሊስ ሄሊኮፕተሩን የሚያበርረው በአብዛኛው ሲቪል ተቀጣሪ ሲሆን፣ አብረውት የሚቀመጡት ሁለት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ፖሊሶች ናቸው። እንግዲህ ከመሪው ኋላ የተቀመጠው ሰው ፖሊስ ላይሆን ይችላል፤ ፖሊሱም መሪ ነክቶ ላያውቅ ይችላል። እርስዎ «አውሮፕላን እወዳለሁ፤ ፖሊስ ስለመሆን ግን አስቤ አላውቅም» ብለው በአንድ መስመር የጻፉት ነገር ሁለት የተለያዩ ወንበሮችን የሚመለከት ነው።

ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ በጡረታ ላይ ያሉ፣ በአየር ኃይል ሄሊኮፕተር ላይ ለረጅም ዓመታት የሠሩ አንድ ሰው ፈልጌ አራት ኪሎ አደባባዩን ቁልቁል በሚያሳይ ፎቅ ላይ ካለ ቡና ቤት ተገናኘን። ስለ ካሜራ ባለሙያው ሥራ ስጠይቃቸው ማስረዳቱን ተዉትና ስልኬን ተቀበሉኝ፤ ካሜራውን ከፍተው ምስሉን እስከ መጨረሻው አቅርበው መልሰው ሰጡኝና «ያችን ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ተከተልልኝ፤ ዓይንህን ከስክሪኑ እንዳታነሣ፤ የምታልፍበትን ሁሉ ንገረኝ» አሉኝ። ሚኒባሷ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ የሚወስደውን ቁልቁለት ይዛለች። እኔ «አሁን ዛፉን አለፈች» ስል እሳቸው «በስተቀኟ ምን አለ? ከኋላዋ ስንት መኪና አለ? ሰዓቱ ስንት ነው?» ይሉኛል። ሰዓቱን ለማየት ዓይኔ ወደ ስክሪኑ ጥግ ሸርተት ሲል ሚኒባሷ ከሦስት ተመሳሳይ ሚኒባሶች ጋር ተቀላቀለች፤ ከዚያ በኋላ የትኛዋ እንደነበረች ማወቅ አልቻልኩም። ከተጀመረ አሥር ሴኮንድ እንኳ የሞላው አይመስለኝም። «ይህን አንተ ተቀምጠህ፣ ቡና እየጠጣህ ነው ያደረግኸው» አሉኝ፤ «ወንበሩ ሲንቀጠቀጥ፣ ሁለት ሬዲዮ በጆሮህ ሲጮህ፣ መሬቱ ከሥርህ ሲዞር አስበው። ያም ሆኖ የምታየውን ሳታቋርጥ፣ ድምፅህን ከፍ ዝቅ ሳታደርግ መናገር አለብህ፤ ታች ያለው ሰው በአንተ አፍ ነው የሚያየው።»

ይህን በዝርዝር የጻፍኩት ለእርስዎ የሚስማማው ወንበር ይህ ሊሆን ይችላል ብዬ ስለማስብ ነው። የተማሩት ትምህርት እዚህ ላይ ዋጋ አለው። በእነዚህ ሄሊኮፕተሮች አፍንጫ ላይ የሚንጠለጠለው የሙቀት ካሜራ ብርሃን አያይም፤ ከአካላት የሚወጣውን ሙቀት ነው የሚያየው። በሌሊት ሜዳ ላይ የተኛ ሰው እንደ ፋኖስ ያበራበታል፤ ነገር ግን ይኸው ሙቀት ተራ መስታወት አያልፍም፣ ስለዚህ መኪና ውስጥ የተቀመጠን ሰው በመስኮቱ በኩል አያሳይም፤ በግድግዳና በጣሪያም አሻግሮ አያይም። ያልተቀባ ቆርቆሮ ደግሞ ለብቻው ፈተና ነው፤ የራሱን ሙቀት አጥብቆ ይዞ የሰማዩን ቅዝቃዜ ስለሚያንጸባርቅ፣ በጠራ ሌሊት ከእውነተኛ ሙቀቱ በጣም ቀዝቅዞ ይታያል። የአዲስ አበባን ጣሪያዎች ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ማያ ላይ የታየው ጥቁር ነጠብጣብ ምን እንደሆነ፣ መሣሪያው ምን ሊያሳይ ምን ሊደብቅ እንደሚችል የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የተቀረጸው ምስል በመጨረሻ ፍርድ ቤት የሚቀርብ ማስረጃ ነው። ባለሙያዋ ከወራት በኋላ ዳኛ ፊት ቆማ «ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት ከዓይኔ አልጠፋም» ብላ መማል መቻል አለባት፤ ለአፍታ ከጠፋባትም ጠፍቶብኝ ነበር ብላ መናገር አለባት። ከሁሉም ሥራ ከባዱ ይህ ነው እላለሁ፤ አንድ ሰው የሚታሰረው ወይም የሚፈታው በእርስዎ ሐቀኝነት ስለሆነ።

አሁን ወደ እናትዎ ስጋት ልምጣ። ስጋታቸው መሠረት የሌለው አይደለም፤ በለስላሳ ቃል ላልፈውም አልፈልግም። በጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. ሰኔ 10 ቀን 2012 ከናይሮቢው ዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ የተነሣ የፖሊስ ሄሊኮፕተር ንጎንግ አካባቢ ወድቆ የአገሪቱን የውስጥ ደኅንነት ሚኒስትር ጆርጅ ሳይቶቲን ጨምሮ የተሳፈሩት ስድስቱም ሰዎች አልቀዋል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 29 ቀን 2013 ደግሞ በስኮትላንድ ግላስጎ ከተማ አንድ የፖሊስ ሄሊኮፕተር ሰው በሞላበት መጠጥ ቤት ጣሪያ ላይ ወድቆ አሥር ሰዎች ሞተዋል፤ ሦስቱ አብራሪውና ሁለቱ ፖሊሶች ነበሩ። መርማሪዎቹ የደረሱበት ነገር ከአእምሮዬ አይጠፋም፤ ዋናው ታንክ ውስጥ ነዳጅ ነበር፤ ነዳጁን ወደ ሞተሮቹ መጋቢ ታንኮች የሚገፉት ፓምፖች ግን ጠፍተው ተገኙ። የነዳጅ ማነስ ማስጠንቀቂያው ደጋግሞ ጮኾ ነበር። በዚህ ሙያ ሰው የሚገድለው በአብዛኛው ጥይት አይደለም፤ በሌሊት፣ በድካም፣ ሥራውን ለመጨረስ ባለ ጉጉት ውስጥ የታለፈ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ነው።

በአዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ቀትር ላይ ሲሞቅ ደግሞ ይበልጥ ይሳሳል። የሄሊኮፕተር ክንፍ የሚቀዝፈው ይህንኑ አየር ስለሆነ፣ በሞምባሳ አምስት ሰው ይዞ በቀላሉ የሚያንዣብብ ማሽን እንጦጦ ጫፍ ላይ በሦስት ሰው ሊያቅተው ይችላል። ስለዚህ ጥሩ የፖሊስ አብራሪ የሚለየው «ዛሬ አልነሣም» ለማለት በመቻሉ ነው፤ ሌባው እያመለጠ፣ አለቃ በሬዲዮ እየጮኸ እንኳ። እናትዎን ሊያጽናና የሚችለው ይህ ነው፦ «አልበርም» ያለ ሰው የማይቀጣበት ክፍል ውስጥ ከሆነ ሥራው በሥርዓት የሚመራ ሥራ ነው፤ «አልበርም» ያለ ሰው ፈሪ ተብሎ በሚሰደብበት ክፍል ውስጥ ግን ልጃቸው እንዳትገባ ቢከለክሉ እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ።

ሰዎች ከዚህ ሙያ ጋር የሚቀላቅሉት ሦስተኛ ወንበር አለ፤ በመንገደኞች አውሮፕላን ውስጥ እንደ ማንኛውም ተጓዥ ተቀምጦ የሚጠብቀው የበረራ ደኅንነት ሠራተኛ ነው። አገራችን በዚህ ረገድ የቆየ ታሪክ አላት። ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የተነሣን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 720 ሰባት ወጣቶች ለመጥለፍ ሲሞክሩ በአውሮፕላኑ ውስጥ የነበሩ የጸጥታ ሰዎች ተኩስ ከፍተው ስድስቱ ሞተዋል፤ ቦምብ ፈንድቶ አውሮፕላኑ ቢጎዳም ተመልሶ አዲስ አበባ አርፏል። በሌላ በኩል ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው ቦይንግ 767 ነዳጁን ጨርሶ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ሲያርፍ ከ175 ሰዎች 125ቱ አልቀዋል። እነዚህን ሁለት ቀኖች ያስታወሰ ሰው የዚህን ሠራተኛ ሸክም ይረዳዋል፤ ጠባብ በሆነ፣ ማምለጫ በሌለው ቦታ፣ ከንጹሐን መካከል ተቀምጦ በአንድ ቅጽበት መወሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 በቶኪዮ የተፈረመው ስምምነት በበረራ ላይ ሥርዓት የሚያስከብረውን ሥልጣን ለአውሮፕላኑ አዛዥ፣ ማለትም ለካፒቴኑ ሰጥቷል። ይህ ወንበር ከምሕንድስናዎ ጋር እምብዛም ስለማይገናኝ በዚሁ አልፈዋለሁ።

እዚሁ ሆነው በምን በኩል ይጀምሩ? አብራሪነቱን ካሰቡ፣ ገንዘብም ሆነ ጊዜ ከማውጣትዎ በፊት የመጀመሪያው በር የሕክምና ምርመራው ነው። ለንግድ አብራሪነት የሚጠየቀው አንደኛ ደረጃ የሚባለው የጤና ማረጋገጫ ሲሆን ልብን፣ ጆሮን፣ ዓይንንና ቀለም የመለየት ችሎታን ይመለከታል፤ ለወጣት አብራሪ በየዓመቱ ይታደሳል። በቀለማት ነጠብጣቦች መካከል የተደበቀውን ቁጥር ማንበብ ያልቻለ ሰው ይህን ማወቅ ያለበት የመጀመሪያው ሳምንት ላይ እንጂ የሥልጠናው ክፍያ ከተከፈለ በኋላ አይደለም። ቀጥሎ እንግሊዝኛ ነው፤ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ለአብራሪዎች ቢያንስ አራተኛ ደረጃ የንግግር ብቃት ይጠይቃል፤ በዚያ ደረጃ ላይ ያለ ሰው በየሦስት ዓመቱ እንደገና ይፈተናል። በዚሁ ድርጅት መለኪያ የንግድ አብራሪ ፈቃድ በአውሮፕላን 200 የበረራ ሰዓት፣ በታወቀ ተከታታይ ሥልጠና ውስጥ ከሆነ 150 ሰዓት ይጠይቃል፤ ለሄሊኮፕተር 150 ወይም በተከታታይ ሥልጠና 100 ሰዓት ነው። ልብ ይበሉ፤ የአውሮፕላን ፈቃድ ሄሊኮፕተር አያስነሣም፤ የሄሊኮፕተሩም አውሮፕላን አያስነሣም። በአገራችን ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ስለሆነ፣ ማንኛውም ማሠልጠኛ «ዕውቅና አለኝ» ሲልዎ እዚያው ሄደው ያረጋግጡ።

የካሜራ ባለሙያነቱን ካሰቡ ግን መንገዱ ከፖሊስነት ነው የሚጀምረው። በአብዛኛው ይህ ወንበር የሚሰጠው መንገድ ላይ የሠራ፣ ሰው የያዘ፣ ቃል የተቀበለ፣ ፍርድ ቤት የመሰከረ ፖሊስ ነው፤ ከላይ ሆኖ የሚያየው ነገር ትርጉም የሚሰጠው ያን ጊዜ ነውና። ሰንዳፋ የሚገኘው የፖሊስ ዩኒቨርሲቲ ይህን መሠረት የሚሰጥ ቦታ ነው። እኔን ቢጠይቁኝ ግን ሌላም አማራጭ አሳስብዎታለሁ፤ የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያዎችን ያሠለጥናል፤ የአውሮፕላን ኤሌክትሮኒክስ የተማረ ሰው ካሜራውን፣ ሬዲዮውንና ራዳሩን ከፍቶ የሚጠግን ሰው ነው። አየር ኃይልም፣ አየር መንገድም፣ ፖሊስም ያለ እሱ አንድ ቀን አይበሩም። የኤሌክትሪካል ምሕንድስና ዲግሪ ይዘው፣ ፖሊስ ስለመሆን ገና ያላሰቡ የ23 ዓመት ሰው እንደመሆንዎ፣ በዚህ በር ቢገቡ አውሮፕላኑን አሁኑኑ ያገኛሉ፤ ስለ ፖሊስነቱ ደግሞ ሳይቸኩሉ የሚወስኑበት ጊዜ ይኖርዎታል። ልምምድ ብለው ግን ድሮን ገዝተው እንዳያስነሡ፤ በአገራችን ድሮን ያለ ፈቃድ ማስገባትም ማብረርም ክልክል ነው፤ መሀል አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ጉዳዩ ከቅጣትም ሊያልፍ ይችላል።

ጥያቄ፦ በፖሊስነት ስምንት ዓመት ያገለገልኩ ዋና ሳጅን ነኝ። ዕድሜዬ 31 ነው፤ መነጽር አደርጋለሁ። ከላይ እንዳለው ዓይነት የበረራ ሥራ አንድ ቀን ዕድሉ ቢመጣ፣ መነጽር የሚያደርግ ሰው አይታሰብም ሲሉኝ ተስፋ ቆርጬ ነበር። እውነት ነው?
ከሜክሲኮ አካባቢ

መልስ፦ ክቡር ዋና ሳጅን፣ እውነት አይደለም። በዓለም አቀፉ መለኪያ የሚጠየቀው እያንዳንዱ ዓይን ለብቻው 6/9 (ጤናማ ዓይን ከ9 ሜትር የሚለየውን ከ6 ሜትር መለየት)፣ ሁለቱ አንድ ላይ 6/6 (እንደ ጤናማ ዓይን) ማየታቸው ነው፤ ይህ በመነጽር ተስተካክሎ ቢገኝ ተቀባይነት አለው፤ ፈቃዱ ላይ «በመነጽር» የሚል ግዴታ ይጻፍበታል፣ ትርፍ መነጽርም በእጅ መያዝ ይገባል። ይህም ለአብራሪው ነው፤ ለካሜራ ባለሙያው መለኪያው እንደየመሥሪያ ቤቱ ይለያያል። ስምንት ዓመት መንገድ ላይ ማሳለፍዎ፣ ከላይ ለእኅታችን እንደጻፍኩት፣ በዚህ ሥራ ውስጥ ትልቁ ሀብት ነው። ካርታ በማንበብና አጥርቶ በሬዲዮ በመናገር ላይ ይሥሩ፤ ተረኛ በሆኑበት ሌሊት የሬዲዮ ልውውጥዎን አጭርና ቅደም ተከተል ያለው ለማድረግ ይሞክሩ። ከእርስዎ ጋር የሚሠሩት ሰዎች ልዩነቱን ቀድመው ያስተውላሉ።

ጥያቄ፦ አንድ ሰው ልጄን «በውጭ አገር የአየር ፖሊስ አስቀጥራለሁ» ብሎ ቅድሚያ ክፍያ ጠየቀኝ። ፓስፖርቱንም ይዞታል። ምን ይመክሩኛል?
እናት፣ ከፒያሳ

መልስ፦ ክብርት እናታችን፣ አይክፈሉ። ሕግ አስከባሪ ሠራተኛ የሚቀጥር መንግሥት በአብዛኛው በመጀመሪያ የሚጠይቀው የራሱን ዜግነት ነው፤ በደላላ የሚሸጥ የፖሊስ ወንበርም የለም። ፓስፖርቱን ዛሬውኑ ያስመልሱ፤ ሰውየው ካንገራገረ ለመነጋገር ብለው ብቻዎን ወደሚጠራዎት ቦታ እንዳይሄዱ፣ ከልጅዎ ጋር ሆነው በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ ፖሊስ ጣቢያ ይሂዱና የላከልዎትን መልእክትና የጠየቀዎትን የባንክ ሒሳብ ቁጥር ሳያጠፉ ያሳዩ።